ከድሬዳዋ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ ለማደር የት ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂ፣ ከዚራ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። ሰው የማይጋፋበት፣ ድምፅ ማጉያ የማይጮኽበት፣ ድንኳን ተክለን አንድ ሌሊት የምናድርበት የባሕር ዳርቻ እንፈልጋለን። ላንጋኖና ሐዋሳ አትበሉን፤ ጨዋማውን ውሃ ነው የፈለግነው። የምታውቁ ጠቁሙን።

መልስ፣ ሳቢያን፦ እህቴ፣ ለድሬዳዋ ሰው ከአዲስ አበባ ይልቅ ባሕሩ ይቀርበዋል፤ በድሮው ሐዲድ እስከ ጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦታው በፊት ግን ወሩንና ቀኑን ምረጡ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት አሸዋ ጠራጊ ነፋስ አለ። በዚያ ወቅት ድንኳን ውስጥ መተኛት ምጣድ ላይ እንደመተኛት ነው። ደህናው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ቀኑን በተመለከተ ደግሞ የጅቡቲ ሰው የሚያርፈው ዓርብ ነው፤ እሑድ ሥራ ይገባል። የእኛ የዕረፍት ቀን ለእነርሱ የሥራ ቀን መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ተጠቀሙበት።

ለዚህ ማስረጃው ኮር አምባዶ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ በመኪና ብዙም የማይርቅ ጥቁር ድንጋይ የከበበው ዳርቻ ነው። ዓርብ ቤተሰብ ሁሉ ይወርድበታል፤ እሑድ ግን ጸጥ ይላል። ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ለማደር ግን አልመክርም።

አርታ ዳርቻ ሌላ ነው። የአርታ ከተማ ተራራ ላይ ናት፤ ከእርሷ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ ደህና ባለአራት ጎማ ነጂ መኪና ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ፕላንክተን (በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ፍለጋ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ እኛም እርሱን መንካት የለብንም። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፣ ቢሆንም ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ጀልባ የሚያከራዩት አንዳንዶቹ ዓሣውን እያሳደዱ ያስጨንቁታል፤ ሞተሩን አጥፍቶ የሚጠብቀውን ምረጡ፣ ትንሽ ቢያስከፍልም። የፈረንሳይ ጦር በአካባቢው ልምምድ ስለሚያደርግ ከመውረዳችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ለማደር ከሆነ የእኔ ምርጫ ሳብል ብላን ነው፣ ከታጁራ ከተማ በስተምሥራቅ። ነጭ አሸዋ ነው፤ ኮረብታው እስከ ውሃው ይወርዳል፣ ኮራሉ (ዓሣ የሚሰበሰብበት ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረት) ደግሞ ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ጀልባ ሳትከራዩ በዋና መነጽር ብቻ ዓሣውን ታያላችሁ። ታጁራ ለመድረስ ከጅቡቲ ከተማ በመርከብ መሻገር ወይም ባሕረ ሰላጤውን በመኪና መዞር ይቻላል። በመኪና ከዞራችሁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር የሆነውን የአሳል ሐይቅን በዚያው ታያላችሁ። ለማየት እንጂ ለመዋኘት አትጓጉ፤ ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ ትንሽ ቁስል ያለበት ሰው ይጮኻል።

ድንኳኑን የደረቀ የባሕር ሣር ከተከመረበት መስመር በላይ ትከሉ፤ ማዕበሉ እስከዚያ ይወጣል። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ ግን በፍጹም አትትከሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማችን ደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ያደረገውን የሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። የላስቲክ ጫማ አድርጋችሁ ግቡ፣ ሹልና መርዛማ ነገር ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል። የዋና ጠባቂ የለም።

በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያለችው ሙሻ ደሴትስ? ውብ ናት፣ ነገር ግን የጀልባው ኪራይ ለአራት ሰው ኪስ ያራቁታል።

ሌላ መልስ፣ ሐረር፦ ሁልጊዜ ጅቡቲ! የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ተቆርጦ የታሰረ ነው፤ በብር የሚኖር ሰው እዚያ የሻይ ዋጋ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ በሶማሊላንድ ያለችውን በርበራን እጠቁማለሁ። ከሐረር በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በሐርጌሳ አድርጋችሁ ትደርሳላችሁ። ድሮም የሐረር ነጋዴ ባሕር በርበራና ዘይላ ነበር። ዳርቻው ረጅምና ገላጣ ነው፣ ሰው አታዩበትም ማለት ይቻላል፤ ዓሣውም ርካሽ ነው።

መልስ፣ ሳቢያን፦ ወንድሜ፣ ስለ ዋጋው እውነትህን ነው። ነገር ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ ለአንድ ሌሊት አይሆንም፣ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። ሴቶች አብረው ካሉ ደግሞ አለባበስ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ መጠጥም በሕግ የተከለከለ ነው። ኮራል ማየት ለሚፈልግ ጅቡቲ ይሻላል፣ በእግር ረጅም መንገድ ለመሄድ በርበራ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ታጁራን መረጥን። ከዚህ ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ፣ ሳቢያን፦ ፓስፖርትና ቪዛ ከሁሉ በፊት። የተሳፋሪ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ጣቢያው በሁለቱም ከተሞች ከመሃል ወጣ ያለ ስለሆነ የታክሲ ገንዘብ ያዙ። ምንጣፍ፣ ሽርጥና ጀሪካን ከቀፊራ ገበያ ግዙ፤ ምግቡ ደረቅ ይሁን። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ሊትር አታሳንሱ፤ ዳርቻው ላይ ምንጭ የለም። መኪና ስትከራዩ የመመለሻውን ሰዓት ጭምር ተዋዋሉ፣ ግማሹን ክፍያም ሲመልሳችሁ ስጡት።