የሆስፒታል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ሆስፒታል ውስጥ ማስተርጎም ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው እና አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለፈው ለአንዲት መስማት ለተሳናት ታካሚ ሳስተረጉም ዶክተሩ ባዮፕሲ (ለምርመራ ከሰውነት ትንሽ ናሙና መውሰድ) ምናምን እያለ በፍጥነት ያወራል፣ እኔ ደግሞ ለባዮፕሲ የማውቀው ምልክት የለም፣ በጣት ፊደል (ቃሉን ፊደል በፊደል በእጄ እያሳየሁ) ብጽፍላትስ ቃሉን ካላወቀችው ምን ይጠቅማታል? እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። መነቅነቅ እኮ "እያየሁሽ ነው ቀጥይ" ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ዶክተሩ ግን ገብቷታል ብሎ የፈቃድ ቅፁን እንድትፈርም እስክሪብቶ ሰጣት።

በጣም ጨነቀኝ። ከራሴ ጨምሬ ማብራራት የኔ ስራ አይደለም፣ ዝም ማለትም አልቻልኩም፣ እና "አስተርጓሚዋ ነኝ፣ ምን እንደገባት በራሷ አገላለጽ ብትጠይቃት" አልኩት። ስትነግረን ለካ የገባት ፍፁም ሌላ ነገር ነው! (ዝርዝሩን አልጽፍም፣ የሷ ሚስጥር ነው።) ዶክተሩ እንደገና በቀላል ቋንቋ አስረዳት ግን ፊቱ ተቀያየረ፣ ከወጣን በኋላም "ስራዬን አታቋርጪ" አለኝ።

እናንተ መቼ ነው የምታቋርጡት? ከመግባታችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ምን ትነጋገራላችሁ? ምልክት ለሌላቸው የህክምና ቃላትስ ምን ታደርጋላችሁ? ሰኞ ከዚሁ ዶክተር ጋር እገባለሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።