ጆሯቸው የደከመ፣ ዲሜንሺያም (የመርሳት በሽታ) ያለባቸውን እናት እንዴት ላናግራቸው? ገላ መታጠብ እምቢ ይሉኛል

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ሆኜ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ከጀመርኩ ገና ነኝ። ከምይዛቸው አንዷ ዘጠናን ያለፉ አሜሪካዊት ናቸው። ጠዋት ላጥባቸው ስገባ ይጮሃሉ፣ እጄን ይመቱኛል፣ "እናቴ እየጠበቀችኝ ነው ልሂድ" ይላሉ። አንዷ ባልደረባዬ "እናትሽ እኮ ሞታለች" ስትላቸው እንደ አዲስ መርዶ ነው ያለቀሱት፣ አንጀቴን በሉት። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሳናግር ድምፄን ዝቅ አይኔን ሰበር አድርጌ ነው ያደኩት፣ አክሰንቱም አለ፣ ጮክ ስልላቸው ጭራሽ ይብሳል። ምን ላድርግ?

ነርሷ (አሌክሳንድሪያ)፦
አይዞሽ እህቴ። ጩኸቱን ተይው፣ ለምን መሰለሽ በእርጅና የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይቀጥናል ፊታችንም የተቆጣ ይመስላል። ወፈር አርገሽ ረጋ ብለሽ አውሪ። ሂሪንግ ኤይድ (የጆሮ መስሚያ) ካላቸው ባትሪው አልቆ ወይ በጆሮ ኩክ ተደፍኖ እንዳይሆን እይው፣ መነፅራቸውን አድርጊላቸው፣ ቲቪውን ዝጊ። ከዛ ከፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለሽ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ሆኖ፣ አይናቸውን እያየሽ። አይን መስበር እኛ ጋ ክብር ነው፣ እሳቸው ግን ከንፈርሽን ካላዩ ግማሹ ወሬ ያመልጣቸዋል፣ አክሰንት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ።

የማታ ሺፍት፦
እኔ የምጨምረው ስለ እጥበቱ ነው። "ተነስተው ታጥበው ለብሰው ቁርስ እንሂድ" ሲባሉ አራት ነገር ባንዴ ነው፣ አንዱንም አይዙትም። ሞቅ ያለውን ፎጣ አሳዪያቸው፣ እጃቸው ላይ አድርጊላቸው፣ "ፊትዎን" ብለሽ ዝም በይና ጠብቂ፣ መልሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ አትደራርቢባቸው። የማታጥቢውን ሰውነት ሸፍኚው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጮኸው ብርዱና ሀፍረቱ ነው። እምቢ ካሉ መብታቸው ነው፣ ለነርሷ ነግረሽ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ። ደሞ "ሀኒ" "ስዊቲ" ምናምን ማለቱ ይቅር፣ ካንሳስ ውስጥ ተመራማሪዎች እንክብካቤውን በቪዲዮ ቀርፀው እያዩ፣ እንደ ህፃን ሲናገሯቸው እምቢታው እንደሚጨምር በፈረንጆቹ 2009 አሳትመዋል። ሚስስ ብለሽ በቤተሰብ ስማቸው ጥሪያቸው፣ እሳቸው ሌላ ካላሉሽ።

እናቷ እዛ ያሉ፦
እኔ የቤተሰብ ወገን ነኝ፣ እናቴ ቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆም ናቸው፣ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አማርኛ ብቻ ቀርቷል። "እማዬ ትጠብቀኛለች" ሲሉ ሞተዋል አትበሏቸው፣ "እናትዎ ምን ይሰሩልዎት ነበር?" በሏቸው፣ የኔዋ ስለ ጨጨብሳ ሲያወሩ ይረጋጋሉ፣ ምክንያቱም የፈለጉት እናታቸውን ነው እንጂ መሄዱን አይደለም። ልጆቻቸውን አግኝተሽ ስራቸውን፣ የሚወዱትን ዘፈን፣ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቂ። እኛ "ውሃ" "አመመኝ" "ሽንት ቤት" በእንግሊዝኛ ፊደል ፅፈን አልጋቸው ጋ ለጥፈናል፣ ሰራተኞቹ ራሳቸው እያነበቡ ይሉላቸዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ለህክምና ጉዳይ ግን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (የመንግስት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ጠይቁ፣ ልጅ አታስተረጉሙ።

ጠያቂ፦
ተባረኩልኝ ሁላችሁም። ከእናታቸው ጀምሬ ሳወራቸው ፊታቸውን ታጠቡልኝ። ግን ዛሬ ከሰአት ተለወጡብኝ፣ ፍዝዝ ብለዋል፣ ስማቸውን ስጠራም በደንብ አይነቁም፣ ሲገላበጡ ያቃስታሉ። በሽታው ነው?

ነርሷ (አሌክሳንድሪያ)፦
ይሄንን "ዲሜንሺያ ነው" ብለሽ እንዳታልፊው! ዲሜንሺያ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ በአንድ ቀን እንዲህ መለወጥ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድሃኒት ወይ ሌላ ድንገተኛ ነገር ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ለቻርጅ ነርሷ (የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) ንገሪ፣ ሺፍት እስኪያልቅ አትጠብቂ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደጠጡ፣ ሽንታቸው እንዴት እንደሆነ፣ ወድቀው ከሆነም ጨምረሽ። ማቃሰቱንም ንገሪያት፣ አመመኝ ማለት ለማይችል ሰው ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ፣ አተነፋፈስ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ስታባብያቸው መረጋጋታቸው ታይቶ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። የት ስትነኪያቸው እንዳቃሰቱ ካየሽ እሱን በትክክል በያት።