ክርክር፦ የሞተ ውሻን ክሎን ማስደረግ ማንን ይጎዳል?

የቦሌው፦ አሜሪካ ውስጥ የሞተ ውሻቸውን ክሎን ለማስደረግ፣ ማለትም ከሴሉ ቅጂውን ለማስወለድ፣ 50 ሺህ ዶላር የሚከፍሉ አሉ። ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድም በ2018 ሁለቱ ውሾቿ ከሞተችው ሳማንታ ሴል የተገኙ መሆናቸውን ተናግራለች። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ማንን ጎዱ?

እቴቴ፦ በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው። ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም።

የቦሌው፦ እቴቴ፣ እንዲህ ከሆነማ መንታ መውለድም ሊከለከል ነው። መንታ የተፈጥሮ ክሎን ነው እኮ 😄

የእንስሳት ሐኪሟ፦ የቦሌው፣ እቴቴን በቀልድ አትለፋቸው። «ማንን ጎዱ» ላልከው መልሱ ሌሎች ውሾችን ነው። የመጀመሪያው ክሎን ውሻ ስናፒ በ2005 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንዲወለድ 1,095 ሽሎች ወደ 123 ሴት ውሾች ገብተዋል። ያረገዙት ሦስት፣ በሕይወት የተወለዱት ሁለት ቡችሎች ናቸው፤ አንዱ ሳይሰነብት በሳንባ ምች ሞተ። የአንዷ ውሻ እንቁላል የሚወሰደው ሆዷ ተቀዶ ነው፤ ሽሉን የምትቀበለዋም እንደዚሁ ማደንዘዣ ተወግታ ትቀደዳለች። ባለ 50 ሺህ ብሩ፣ ይቅርታ ዶላሩ፣ ይህን አያይም። የሚሰጠው የታጠበ ቡችላ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ያ እኮ 20 ዓመት አለፈው። በጓ ዶሊም ክሎን ስለሆነች ቶሎ አረጀች ሲባል ነበር፤ በ2016 የወጣ ጥናት ግን ከእሷው የሴል ምንጭ የተገኙ አራት በጎች በጤና ማርጀታቸውን አሳየ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ልክ ነህ፣ ለዚያ ነው የዶሊን ዕድሜ ያላነሳሁት። እኔን የሚያሳስበኝ እሷን ለማግኘት ከተደረጉት 277 ሙከራዎች ያልተሳኩት 276ቱ ናቸው። ዘዴው ተሻሻለ ማለት ቁጥሩ ቀነሰ እንጂ ቢላዋው ቀረ ማለት አይደለም።

ነጋዴው፦ እኔ በሂሳብ ልምጣ። ደንበኛው የሚገዛው የድሮ ውሻውን መስሎት ነው። በ2001 ቴክሳስ የተወለደችው ክሎን ድመት ሲሲ እናቷ ልበላት ምንጯ ሦስት ቀለም ስትሆን፣ እሷ ግን ብርቱካናማው ቀርቶባት ወጣች። ፀባይማ ጭራሽ ዋስትና የለውም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ እኛ ሱቅ ቢሸጥ ገዢው በማግስቱ መልሱልኝ ብሎ ይመጣል።

የቦሌው፦ ታዲያ ጨርሶ ይከልከል ነው የምትሉት?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ለባለቤቱ መጽናኛ የሚሠራው፣ አዎ ይከልከል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሊጠፋ ከተቃረበ የዱር እንስሳ፣ ከ1988 ጀምሮ በረዶ ውስጥ ከቆየ ሴል፣ ኤልሳቤጥ አን የተባለች ክሎን ተወልዳለች። እሱ ላይ ሐሳቤ ሌላ ነው፤ ለብቻው ክፈተውና እንነጋገር።

እቴቴ፦ እኔ እዚያም እቃወማለሁ።