ለጥርስ ኢምፕላንት የሚጨመረው የአጥንት መሙያ ከምን ይሠራል?

የሆጤዋ መምህርት (ደሴ)

ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረው አባቴ በታችኛው መንጋጋቸው ሁለት ጥርሶች ከተነቀሉባቸው ዓመታት አልፈዋል። የጥርስ ሐኪማቸው በሲቲ ስካን ካየ በኋላ በቦታው የቀረው አጥንት ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ከመተከሉ በፊት አጥንት መጨመር እንደሚያስፈልግ ነግሮናል። አባቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የማን አጥንት ነው?» አሉ። የተሰጣቸው መልስ ከውጭ አገር የሚመጣ የታከመ አጥንት መሆኑን ከመግለጽ አላለፈም። አባቴ በዲናቸው ጠንቃቃ ሙስሊም በመሆናቸው ከአሳማ የተሠራ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ እንዲገባ አይፈልጉም። የስኳር በሽታም ስላለባቸው የቁስሉ ነገር ያሳስበኛል። ለእሳቸው የሚስማማው የትኛው ዓይነት ነው? ሐኪሙንስ ምን ብለን እንጠይቀው?

የጥርስ ሐኪም ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ የአባትዎን ጥያቄ ማንኛውም ታካሚ ሊጠይቀው ይገባል፤ መልሱም ዕቃውን በስም የለየ መሆን አለበት። ጥርስ ሲነቀል ሥሩን አቅፎት የነበረው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፣ ከዚህም አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። የተለመደ ኢምፕላንት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በጉንጭም በምላስም በኩል ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ሊከበው ስለሚገባ፣ ሐኪሙ አጥንት መጨመር ያስፈልጋል ማለቱ ተገቢ ነው።

መሙያው ከአራት ምንጮች ይገኛል። የታካሚው የራሱ አጥንት ከአገጭ ወይም ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ይወሰዳል፤ ሕያው ሕዋሳት ስላሉበት ራሱ አጥንት መሥራት ይችላል፣ ይህን ችሎታ ሌሎቹ የላቸውም። ነገር ግን ሁለተኛ ቁስል ይከፍታል፣ ከአገጭ ሲወሰድም የፊት ጥርሶችን ወይም የታችኛውን ከንፈር ሊያደነዝዝ ይችላል። ሁለተኛው ከሞቱ ሰዎች በልገሳ የተገኘና በአጥንት ባንክ የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛው ከእንስሳት፣ በብዛት ከከብት፣ አንዳንዴም ከአሳማ ወይም ከፈረስ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ባዮ ኦስ ፕሮቲኑ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት ነው። እንዲህ ያለው መሙያ በራሱ አጥንት አይፈጥርም፤ ግንበኛ ቆሞ እንደሚሠራበት መወጣጫ የታካሚው ሕዋሳት እየተሻገሩበት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። የሚሟሟው በጣም በዝግታ ስለሆነ የተሞላውን ስፋት ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። አራተኛው ሃይድሮክሲአፓታይትና ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት እንደሚባሉት የካልሲየም ማዕድናት ያለው ሰው ሠራሽ መሙያ ነው። ከሰውም ከእንስሳም የተወሰደ ነገር የለበትም፤ ሆኖም ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ብቻውን ሲሆን ቶሎ ስለሚሟሟ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የተዘጋጁትን እመርጣለሁ።

አሁን ብዙ ታካሚዎች፣ አንዳንድ ባለሙያዎችም ጭምር ወደሚዘነጉት ነገር ልለፍ። የድድ ሥጋ ከአጥንት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ የተጨመረውን ቦታ ቀድሞ እንዳይይዘው በመሙያው ላይ ስስ ሽፋን ይነጠፋል። ይህ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ኮላጅን ከተባለው የእንስሳት ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የኮላጅኑ ምንጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ባዮ ኦስ ከከብት ቢሆንም፣ ከዚያው አምራች የሚመጣውና አብሮት የሚታዘዘው ባዮ ጋይድ የተባለው ሽፋን ከአሳማ የተሠራ ነው። ስለዚህ አጥንቱ የከብት መሆኑን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትስማሙ እለምናችኋለሁ። ከከብት ኮላጅን የተሠሩ ሽፋኖች አሉ፤ ፒቲኤፍኢ የተባለው ሰው ሠራሽ ሽፋንም አለ፤ ይህኛው ግን ስለማይሟሟ በኋላ መውጣት አለበት።

ለአባትዎ እኔ ብሆን ከዚያው መንጋጋ የሚፋቅ ጥቂት የራሳቸውን አጥንት ከሰው ሠራሽ መሙያ ጋር ቀላቅዬ፣ ከአሳማ ባልሆነ ሽፋን እሸፍነው ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ምስሉን አይቶ አፋቸውን የመረመረው ሐኪም ነው።

ፋርማሲስት (ደሴ ፒያሳ)

ዶክተር ያሉት በቃል ብቻ እንዳይቀር የመሙያውንም የሽፋኑንም ማሸጊያ ሳይከፈት በፊት ለማየት ጠይቁ። በማሸጊያው ላይ ወይም በውስጡ ባለው መግለጫ ላይ የተሠራበት ምንጭ፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፏል። ብዙዎቹ ተለጣፊ ወረቀት አብሯቸው ስለሚመጣ አንዱ በአባትዎ ካርድ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱን እናንተ ያዙ። መሙያው የሚመጣው በትናንሽ ብልቃጥ ነው፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ብልቃጥ የተረፈው ተቀምጦ ለሌላ ታካሚ ሊውል ፈጽሞ አይገባም። ዋጋው ውድ ስለሆነ ይህን ለማድረግ የሚፈተን ሊኖር ስለሚችል፣ ማሸጊያው በፊታችሁ እንዲከፈት መጠየቅ ሐኪሙን እንደ መጠርጠር ሊቆጠር አይገባም።

የወሎ ደረሳ

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። የአንድ ነገር ባሕርይ ፈጽሞ ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጥ እንደሆነ፣ ማለትም ኢስቲሐላ በሚባለው ጉዳይ ላይ ዑለማዎች አስተያየታቸው ይለያያል፤ በችግር ጊዜ የሚፈቅዱትም ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ አማራጭ እንዳለ ዶክተር ስለገለጹ፣ ፋርማሲስቱ ያሉትን መግለጫ ይዛችሁ አባትዎ የሚያምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ። ከከብት የተሠራው ላይም የአስተራረዱ ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል አብራችሁ አንሱት። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ከአሳማ የሚርቁ በመሆናቸው፣ የወሎ ሐኪም ማንኛውንም ታካሚ ሳይጠየቅ ቀድሞ ቢያስረዳ መልካም ነው።

የሆጤዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ስለ ሽፋኑ ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ዘመዳችን ከራሳቸው ደም ተዘጋጅቶ የሚጨመር ነገር እንዳለ ነግሮናል፤ ይህ መሙያውን ይተካዋል? አባቴ ከዙሁር በኋላ ጫት የመቃም ልማድም አላቸው።

የጥርስ ሐኪም ከኮምቦልቻ

ከደም የሚዘጋጀው ፒአርኤፍ ይባላል፤ በፈረንሳይ በ2001 እ.ኤ.አ. የተዋወቀ ሲሆን፣ የታካሚው ደም በማሽን ከተሽከረከረ በኋላ የሚገኝ የረጋ ፋይብሪን (ደምን የሚያረጋው ፕሮቲን) ነው። የድድ ቁስል እንዲድን ያግዛል፣ የሃይማኖት ጥያቄም አያስነሳም፤ ነገር ግን ለስላሳና በጥቂት ሳምንታት የሚሟሟ በመሆኑ የጠበበ አጥንትን ብቻውን ሊያሰፋ አይችልም። ከመሙያው ጋር ቢጨመር አልቃወምም።

ስኳሩን በተመለከተ ያለፉትን 3 ወራት ገደማ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ውጤቱ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን አዘግይቶ መጀመሪያ ስኳሩን ማስተካከል ይሻላል። ጫቱን ድዱ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ድረስ ይተዉት፤ በጉንጭ የሚያዘው ቅጠል ስፌቱን ይገፋል፣ ከስፌቱ ሥር ያለው መሙያም ከተጋለጠ ይበከላል። ሲጋራ ካለም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ኢምፕላንቱ እስኪተከል ድረስ እንደ አጥንቱ ሁኔታ ከ4 እስከ 6 ወር መጠበቅ ግድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚወለቅ ጥርስ ካደረጉም በተሞላው ቦታ ላይ እንዳይጫን ሐኪሙ ከሥሩ ይሞርደው። ቀኑ ሲቆረጥም ከረመዳን ውጭ ይሁን፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚታዘዘው መድኃኒት በሰዓቱ መወሰድ አለበት።