ማታ 2 ሊትር የዳያሊሲስ ፈሳሽ አስገብቼ ጠዋት 1.8 ወጣ፤ ቀሪው የት ገባ?

የእናቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የሆድ ዳያሊሲስ (ኩላሊት ሲደክም በቦርሳ የሚመጣ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ደምን ማጣራት) ከጀመረች 3 ወሯ ነው። ፈሳሹን የምቀይርላት እኔ ነኝ፤ የገባውንና የወጣውን በደብተር እይዛለሁ። ቀን 2 ሊትር አስገብቼ 4 ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ 2.1 ይሆናል። ማታ ግን ያው 1.36 በመቶ ስኳር ያለው ፈሳሽ 9 ሰዓት አድሮ የሚወጣው 1.8 ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ቱቦው አልታጠፈም፣ የሆድ ድርቀትም የለባትም። ቀሪው የት ይገባል? የስኳር በሽታም ስላለባት በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ያስጨንቀኛል።

ስድስት ዓመት በቦርሳ፦
እህቴ፣ እኔንም መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይኸው ነበር። ፈሳሹ አልጠፋም፤ ወደ እናትሽ ሰውነት ተመልሷል።

1.36 በመቶ ማለት በሊትር 13.6 ግራም ስኳር ነው። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው በሊትር 1 ግራም ገደማ ነው። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ደግሞ በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ውሃ ስኳር ወደበዛበት ስለሚሳብ ከደም ወደ ሆድ ይመጣል። ግን ስኳሩም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በዚያው ሽፋን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። በ4 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሊገባ ይችላል። ያኔ የመሳብ ጉልበቱ ይደክማል። የደም ሥሮቹና የሊምፍ ቧንቧዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፈሳሽ ወደ ሰውነት ይመልሳሉ፤ ስኳሩ ብርቱ እያለ ግን አይታወቅም። ሲደክም እነሱ ያይላሉ። ለዚህ ቦርሳ 9 ሰዓት በጣም ረጅም ነው።

ደግሞ ቦርሳው ላይ 2 ሊትር ቢልም ትንሽ ትርፍ አለው። ከማስገባትሽ በፊትም መዝኚው፤ አለዚያ ሂሳቡ ያሳስትሻል።

የዳያሊሲስ ነርስ፦
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። ሽፋኑ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ስኳሩን ቶሎ ያሳልፋል። ያንን የሚያሳይ ፔት የሚባል የ4 ሰዓት ምርመራ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ስኳርና ከደም የመጣው ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ይለካል። ቶሎ የሚያሳልፍ ሽፋን ላለው ሰው አጭር ቆይታ ይሻለዋል።

በራስሽ ስኳሩ ወደበዛበት ቦርሳ እንዳትሄጂ። የ3.86 በመቶው 2 ሊትር 77 ግራም ስኳር አለው፤ የአሁኑ 27 ነው። ስኳሩ ሲበዛ ሽፋኑም በጊዜ ብዛት ይጎዳል። ለረጅም ሌሊት አይኮዴክስትሪን የሚባል ፈሳሽ አለ። ሞለኪሉ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አያልፍም፤ 12 ሰዓት እንኳ ውሃ ሲስብ ይቆያል። ወደዚያ ከተዛወረች ግን አደራ! አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች በዚህ ፈሳሽ ምክንያት የደም ስኳሯን ከእውነተኛው አስበልጠው ያሳያሉ። ያንን አይቶ ኢንሱሊን መጨመር ሕይወት ያሳጣል። መለኪያችሁ የሚስማማ መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

እግሯ ያብጣል? ክብደቷስ ጨምሯል?

የእናቷ ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ቦርሳውን ከማስገባቴ በፊትና ባዶውን መዘንኩ። የገባው 2.1 ነው። ቀን ተጨምሮ የመሰለኝ ለካ ምንም አልተጨመረም። ማታ የሚቀረው ደግሞ 200 ሳይሆን 300 ሚሊ ሊትር ነው። እግሯን አየሁት፤ ካልሲዋ ምልክት አውጥቶባታል። ክብደቷም በሳምንት 2 ኪሎ ጨምሯል። አሁኑኑ ለክትትል ክፍሏ እየደወልኩ ነው።