ከሌላ አገር ዜጋ ጋር ለምትጋቡ፦ ገንዘባችሁን ለየትኛው አገልግሎት ብታውሉት ይሻላል?

ከሌላ አገር ሰው ጋር ለመጋባት ወስነው ወረቀቱን በማን በኩል ማስጨረስ እንደሚሻል ለሚጠይቁ ሁሉ ይህን ጥቆማ የምጽፈው፣ እኔና ባለቤቴ በዚሁ መንገድ ስናልፍ ከአንድ ዓመት በላይ ስለተጉላላንና ከዚያ ወዲህም ሦስት ወዳጆቻችንን በየተራ ስለረዳን ነው። ብዙዎች የሚጀምሩት ጎበዝ ጉዳይ አስፈጻሚ በማፈላለግ ነው። የእኔ ምክር ለጉዳይ አስፈጻሚ የታሰበውን ገንዘብ ለጥሩ ተርጓሚ፣ ካስፈለገም ለአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር አውሉት የሚል ነው፤ የቀረውን ሥራ ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።

ከሁሉም አስቀድሜ የምጠቁመው ክፍያ የማይጠየቅበትን አገልግሎት ነው፤ እርሱም ሰነዱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወረቀቱን የሚሰጠውን ቢሮ «ይህ ይበቃል ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የሚሰጠው ቢሮ የሚያውቀው የራሱን ቅጽ ብቻ ነው፤ ይበቃል ወይም አይበቃም ብሎ የሚወስነው ጋብቻውን የሚያስፈጽመው የክብር መዝገብ ሹም ነው። ስለዚህ ለእርሱ በጽሑፍ ጻፉ፤ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ስም ብቻ ሳይሆን ከወጡ ስንት ወር ያልበለጣቸው መሆን እንዳለባቸው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀርቡና በማን መረጋገጥ እንዳለባቸውም ጠይቁ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው አስቀምጡት። የጋብቻው አፈጻጸም ሥርዓት በአብዛኛው የሚመራው ጋብቻው በሚፈጸምበት አገር ሕግ ሲሆን፣ ለማግባት ብቁ መሆን ግን በብዙ አገሮች በእያንዳንዱ ተጋቢ የዜግነት ሕግ ይመዘናል። ያላገባ ማስረጃ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እንደ አሜሪካ ያሉ አንዳንድ አገሮች ደግሞ እንዲህ ያለውን ወረቀት በማዕከል ደረጃ ስለማይሰጡ፣ በምትኩ ሹሙ የቃለ መሐላ መግለጫ ይቀበል እንደሆነ ከመነሻው ማጣራት ያስፈልጋል።

የት እንደምትጋቡ መወሰንም የወረቀቱን ብዛት ይለውጠዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ፣ በተለምዶ ኬ-1 በሚባለው፣ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለበት፤ በሌላ አገር ተጋብቶ የሚያመለክት ሰው ግን በትዳር ጓደኛ ቪዛ በኩል ይሄዳል። በቆንስላ መጋባትን እንደ አቋራጭ የሚያዩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ቆንስሎች የክብር መዝገብ ሹምነት ሥራ እንዲሠሩ የሚፈቅደው የተቀባዩ አገር ሕግ እስካልከለከለ ድረስ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ተጋቢዎች አንደኛው የሌላ አገር ዜጋ ከሆነ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። እኔ የማዘጋጃ ቤቱን ጋብቻ እመርጣለሁ።

ወረቀቶቹን የምታወጡበት ቅደም ተከተል ከምንም በላይ ጊዜ ያተርፍላችኋል። እኛ በቅድሚያ ያወጣነው ያላገባ ማስረጃውን ነበር፤ የባለቤቴ የቀድሞ ፍቺ ውሳኔ ተረጋግጦ እስኪመጣ ድረስ የማስረጃው ጊዜ አልፎ እንደገና ለማውጣት ተገደድን። ፈረንሳይን ብንወስድ፣ ከውጭ አገር የመጣ የልደት የምስክር ወረቀት በመደበኛው አሠራር ከወጣ ከ6 ወር ያልበለጠው እንዲሆን ይጠየቃል። ስለዚህ እንደ ፍቺ ውሳኔና የስም ለውጥ ፍርድ ያሉትን፣ ለማግኘት የሚዘገዩትንና ጊዜ የማያልፍባቸውን ሰነዶች አስቀድማችሁ አውጡ፤ ቶሎ የሚያረጁትን ለመጨረሻ አቆዩ።

በማረጋገጫው በኩል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አፖስቲል ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 5 ቀን 1961 በተፈረመው የሄግ ስምምነት የተደነገገ አንድ ወጥ የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ 10 ቁጥር የተሰጣቸው ነጥቦች ይሞሉበታል፤ ርዕሱም በየትኛውም አገር ቢሰጥ በፈረንሳይኛ ይጻፋል። የሚሠራው ሰነዱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም አገር የስምምነቱ አባል ሲሆኑ ነው። አባላቱ ዛሬ ከ120 በላይ ናቸው፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023፣ ካናዳ ደግሞ በጥር 2024 በሥራ ላይ ስላዋሉት፣ ስለ እነዚህ አገሮች ከዚያ በፊት የተሰጠ ምክር ዛሬ አያገለግልም። በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች መካከል ደግሞ እንደ ልደትና ጋብቻ ላሉ የክብር መዝገብ ሰነዶች ከየካቲት 2019 ጀምሮ አፖስቲል እንኳ አይጠየቅም። ሁለተኛው መንገድ የማኅተም ሰንሰለት ነው፦ ሰነዱ ከሰጪው ቢሮ ወደ ሰጪው አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደ ተቀባዩ አገር ቆንስላ ይሄዳል። ከሰንሰለቱ አንዱ ከተዘለለ ቆንስላው ይመልሰዋል። በሁለቱም መንገድ የሚረጋገጠው የፈራሚው ፊርማና ሥልጣን እንዲሁም ማኅተሙ እንጂ የሰነዱ ይዘት አይደለም፤ ስለዚህ በልደት ወረቀቱ ላይ ያለ የፊደል ስሕተት በአፖስቲል አይድንም። አፖስቲልን በጥድፊያ እናወጣለን የሚሉ ድርጅቶች የሚያደርጉት እናንተ የምትሰለፉበትን ሰልፍ መሰለፍ ነው። በሌላ አገር ካልሆናችሁ በቀር አያስፈልጓችሁም፤ ከተጠቀማችሁም የወረቀቱን ቁጥር የሰጪው አገር በበይነ መረብ ባሰናዳው መዝገብ፣ ካለው፣ አመሳክሩ።

ገንዘብ አትሰስቱበት የምለው ትርጉሙን ነው። የእኛን ፋይል ለሁለተኛ ጊዜ ያስመለሰው አንድ ተርጓሚ የእናቴን ስም ከፓስፖርቷ በአንዲት ፊደል ለይቶ በመጻፉ ነበር፤ ያቺ ፊደል አምስት ሳምንት አስከፍላናለች፤ እናቴም ስሟ የሌላ ሰው ተደርጎ መታየቱ ከእኛ ይልቅ እርሷን አሳዝኗት ነበር። ተርጓሚ ስትመርጡ ተቀባዩ አገር የሚያውቀውን ምረጡ። በጀርመንና በፈረንሳይ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎች በፍርድ ቤቶች ዝርዝር ላይ ይገኛሉ፤ በአሜሪካ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥርዓት ስለሌለ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ በፊርማው ይመሰክራል። ከመስማማታችሁ በፊት ማኅተሞችን፣ የኅዳግ ማስታወሻዎችንና የጀርባውን ገጽ ጭምር ይተረጉም እንደሆነ፣ ስሕተት ቢገኝም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያርም እንደሆነ ጠይቁት። ፓስፖርታችሁን አብራችሁ ስጡትና ስሞቻችሁ በሙሉ በፎቶው ገጽ ግርጌ ካለው፣ በማሽን ከሚነበበው መስመር ጋር እንዲመሳከሩ አድርጉ። ቀኑ በሌላ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ሁለቱም ቀኖች በትርጉሙ ላይ ይታዩ። በኮምፒውተር የሚሠራ ትርጉም ደብዳቤው ምን እንደሚል ለራሳችሁ ለመረዳት ይጠቅማል እንጂ ለሹሙ አታቅርቡት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጀው መጀመሪያ ሰነዱን አስረጋግጦ ከዚያ ማስተርጎም ነው፤ ማኅተሙም አብሮ ይተረጎማልና።

ጠበቃ የሚያስፈልጋችሁ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በሌላ አገር የተፈታችሁ፣ ቪዛ ተከልክላችሁ የምታውቁ፣ ልጅ ወይም ንብረት ያላችሁ ከሆነ ነው፤ በተለይ በአንድ አገር የጸና ፍቺ በሌላው ካልታወቀ አዲሱ ጋብቻ ራሱ ይናጋል። ከዚህ ውጭ አንድ የምክር ቀጠሮ ይበቃል። ጉዳይ አስፈጻሚ መቅጠር ግድ ከሆነባችሁ የምትሰጡት ውክልና ለአንድ ጉዳይና ለተወሰነ ጊዜ ይሁን፤ ፓስፖርታችሁን በእጁ አትተዉ። «ውስጥ ሰው አለኝ» ወይም «ቀኑን ትንሽ እናስተካክለው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ በዚያው ቅጽበት ተሰናበቱት፤ አንድ ሐሰተኛ ወረቀት እውነተኛውን ትዳር የይስሙላ ያስመስለዋልና።

ለመላኪያ ከተራ ፖስታ ይልቅ በቁጥር የሚከታተሉትን ፈጣን መልእክት እመርጣለሁ፤ ዋናው ሰነድ ከጠፋ የሚተካው በወራት ነው። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ አታስለብጡ፤ የተለበጠ ወረቀት ማኅተም አይቀበልም። የተሰፋውንም ሽቦ አትንቀሉ፤ የተነቀለ ገጽ ተቀይሯል ተብሎ ይጠረጠራል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ፓስፖርቶቻችሁን ገልጣችሁ እያንዳንዱን ስምና ቀን እዚያው መስኮቱ ፊት አንብቡ። ከፊርማው በኋላ የተገኘ ስሕተት በብዙ አገሮች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይታረማል፤ ከፊርማው በፊት ግን ሹሙ በሁለት ደቂቃ ያስተካክለዋል። ከመውጣታችሁም በፊት ቢያንስ ሦስት ዋና ቅጂ ጠይቁ፤ አንዱ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ አንዱ በቆንስላ ለማስመዝገብ፣ አንዱ ደግሞ ቤታችሁ የሚቀር።