ክርክር፦ ክሽክሽን በባክቴሪያ ፕሮቲን መከላከል ያዋጣል?

አወያይ፦ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሰብል ላይ ሰፍሮ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ቫይረስም ያዛምታል። አሁን ደግሞ ገዳይ ኬሚካል ከመርጨት ይልቅ ከባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲን ረጭተን ተክሉ ራሱን እንዲከላከል እናድርግ የሚሉ አሉ። ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሃርፒን የሚባለውን ፕሮቲን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያገኙትም ኤርዊኒያ አሚሎቮራ ከተባለው፣ የፖምና የፒር ዛፍን እሳት እንደለበለበው ከሚያደርግ ባክቴሪያ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ፈቅዳዋለች። ፕሮቲኑ ራሱ ክሽክሹን አይገድልም። ተክሉ ሲነካው ጠላት የመጣ ይመስለውና ኤትሊን የሚባለው ሆርሞን ሥራ ይጀምራል። ከዚያ ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ላይ መከላከያ ይነሳል። ክሽክሹ መርፌ መሳይ አፉን የሚሰካው እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው። አራቢዶፕሲስ በተባለች የምርምር ተክል ላይ ሲሞከር፣ ክሽክሹ እንደ ልቡ መምጠጥ አልቻለም፤ የሚወልደውም ቀነሰ።

አምራች፦ ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ የቤተ ሙከራ ወሬ ነው። ቅጠል ገልብጠህ አይተህ ታውቃለህ? ከሥሩ ተጨናንቀው ታገኛቸዋለህ፤ ነጭ ልጣጫቸው ተበትኗል፣ ቅጠሉ በጣፋጭ ፈሳሻቸው ይጣበቃል። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች። የተወለደችውም ሆዷ ውስጥ ልጅ ይዛ ነው የምትመጣው! ተክሉ እስኪነቃ እኔ አልቄያለሁ።

ንብ አናቢ፦ ኬሚካሉስ እስከ መቼ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉ ሦስት ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከቤት ውጭ እርሻ ያገደው ለንቦች ሲል ነው። አረንጓዴው የኮክ ክሽክሽ ደግሞ ቢያንስ 70 የሚሆኑ ኬሚካሎችን ተላምዷል። መርዙን ብትጨምሩበትም ጠብ አይልለትም።

ተጠራጣሪ፦ እኔ ግን እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ተቋም የተሠራውን አልረሳም። በዘረመል ምሕንድስና ክሽክሽን የሚያስደነግጥ ሽታ የሚያወጣ ስንዴ አበቀሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ክሽክሹ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 ማሳ ላይ ሲሞከር ግን ለውጥ አልተገኘም። ደግነቱ አልደበቁትም፣ አሳተሙት።

የዕፅዋት ባለሙያ፦ እሱ ሽታ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። ቢሆንም ማሳ ላይ ይፈተን ማለትህ ልክ ነው።

የቫይረስ ተመራማሪ፦ አንድ ነገር ዘለላችሁ። «ዋይ» (Y) የሚባለውን የድንች ቫይረስ ክሽክሽ ለማስተላለፍ ቱቦው ድረስ መድረስ አያስፈልገውም። ቅጠሉን ለመቅመስ ወጋ አድርጎ ቢሄድ እንኳ በሰከንዶች ውስጥ ያስተላልፋል። እንዲያውም ተክሉ ካልጣመው እየቀመሰ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል። የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስ ግን ረጅም መምጠጥ ይፈልጋል፤ ለእሱ ተስፋ አለ። ስለዚህ «ለክሽክሽ» ብሎ በጅምላ መፍቀድ አይገባኝም። ለየትኛው ሰብል፣ ለየትኛው ቫይረስ ተብሎ ይፈቀድ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ቆይ፣ ባክቴሪያ ልትረጩብን ነው እንዴ?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ አይደለም። የሚረጨው ፕሮቲኑ ነው፤ ተክሉ ላይም ቶሎ ይበሰብሳል። የሚመረተው ግን ኢ. ኮላይ በተባለ፣ ዘረመሉ በተለወጠ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ይህ ለገዢ ይነገር፣ እኔም እስማማለሁ።

አምራች፦ መቼ ነው የሚረጨው ታዲያ? ክሽክሹን ካየሁ በኋላ?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ ከመምጣቱ በፊት። ቅጠሉን ከሸፈነ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞ መከላከል ተክሉን ጉልበት ያስከፍለዋል፤ ባልመጣ ተባይ ደጋግመህ ብታነቃው ዕድገቱን ሊጎዳ ይችላል።

አምራች፦ በል እንግዲህ! ላልመጣ ተባይ ገንዘብ ላወጣ፣ ምርትም ሊቀንስብኝ። ሻጩ ይህን ዕቃው ላይ በትልቁ ከጻፈ ግማሹን ማሳ ረጭቼ ግማሹን እተወዋለሁ። ካልጻፈ አልገዛም።